ዝናብ ያላገኘኝ ቀን

ዛሬ የጣሊያኗ ቦሎኛ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ዘነበ፤ እኔ ግን ጃንጥላዬን ከቦርሳ አላወጣሁም። ከተማዋ ራሷ ጃንጥላ ናት። በ1288 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቤት የሚሠራ ሁሉ በደጁ ባለ ቅስት መተላለፊያ እንዲያበጅ፣ ከፍታውም ፈረሰኛ ከነፈረሱ የሚያሳልፍ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ዛሬ እነዚህ መተላለፊያዎች ቢደማመሩ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ።

ስትራዳ ማጆሬ የሚባለው መንገድ ላይ ግን ድንጋዩ ቀርቶ እንጨት ይመጣል። ካዛ ኢዞላኒ የሚባለው የድሮ ቤት ምሰሶዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆመዋል። ጎብኚው ሁሉ ጣሪያው ላይ ተሰክተዋል የሚባሉትን ሦስት ቀስቶች ፍለጋ ያንጋጥጣል፤ እኔ ደግሞ የምሰሶውን ስንጥቅ በጣቴ ስከተል ቆየሁ። በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ የተጣጠፈ የአውቶቡስ ትኬት ተወትፏል። ማን እንደወተፈው እንጃ!

ወረድ ስል አንድ ሱቅ መስኮቱ ላይ «ካልዜ» ብሎ ለጥፏል። ካልሲ! ጎሚስታውና ፍሪሲዮኑ ከጣሊያንኛ እንደመጡ አውቅ ነበር፤ እግሬ ላይ ያለውን ግን ከየት እንደመጣ አስቤው አላውቅም።

ማታ ፒያሳ ማጆሬ አጠገብ ካለው የፖዴስታ ሕንፃ ቅስት ሥር ገባሁ። በአንዱ ማዕዘን ግድግዳው ላይ ያንሾካሾኩት ቃል ጣሪያውን ተሻግሮ በማዶው ማዕዘን ይሰማል። ብቻዬን ስለሆንኩ እያፈርኩ ለግድግዳው «ጤና ይስጥልኝ» አልኩት። ማዶ ጆሮዋን የለጠፈች አንዲት ሕፃን ዘወር ብላ አየችኝና፣ አፏን ወደ ግድግዳው መልሳ «ቻው» አለችኝ።