ልጄ ቆርባለች፦ በአየርላንድ ገጠር ትምህርት ቤት ማንም ያልነገረኝ ነገር

አየርላንድ ገጠር ውስጥ ልጅ ለማስተማር ያሰባችሁ ኦርቶዶክሳውያን ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የምንኖረው ምሥራቅ ጎልዌይ ውስጥ ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ሾፌር ነው። በአካባቢያችን ሌላ የሐበሻ ቤተሰብ የለም። ስለዚህ ቀድሞ ያለፈበት ሰው "ተጠንቀቂ" ሊለኝ አልቻለም። እኔ ልበላችሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ለምዝገባ የልደት ሰርተፊኬት፣ የአድራሻ ማስረጃና የልጁን ፒፒኤስ ቁጥር (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለማግኘት ቤታችሁ ከትምህርት ቤቱ ቢያንስ 3.2 ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት፤ ትምህርት ቤቱም ለእናንተ የቅርቡ መሆን አለበት። ቅርቡን ትታችሁ ሌላ ከመረጣችሁ ወንበር የምታገኙት ከተረፈ ብቻ ነው። የሴፕቴምበሩ ማመልከቻ የሚዘጋው ወራት ቀድሞ ስለሆነ አትዘናጉ። መጽሐፍ ከ2023 ጀምሮ ነፃ ነው። ምሳ ዕቃ ውስጥ ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎ አትጨምሩ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በአለርጂ ምክንያት ይከለክላሉ። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ቀኑን ቁጠሩ። ልጁ በዓመት 20 ቀን ከቀረ ትምህርት ቤቱ ቱስላ ለሚባለው የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

አይሪሽ ቋንቋ ይቅርላት ብላችሁም አትልፉ። ትንሽ ልጅ ከውጭ ስለመጣ ብቻ አይቀርለትም። ደግሞስ ለምን ይቅር? አብዛኞቹ የአገሬው ልጆችም አራት ዓመታቸው ላይ ሲገቡ ከዜሮ ነው የሚነሱት። በዚህ አንድ ትምህርት የእናንተ ልጅ ከማንም ወደ ኋላ አትቀርም። የእኔዋ ዛሬ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ የምታስፈቅደው በአይሪሽ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ሁለት አስተማሪ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ጁኒየር ኢንፋንትስ ከሚሏቸው የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉት አንድ ላይ ይማራሉ። ሌላው ውስጥ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት አሉ። እነሱን የምታስተምረው ዳይሬክተሯ ራሷ ናት። መጀመሪያ ስሰማ "ይኼ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?" ብዬ ነበር። አሁን ግን ደብሊን ያሉ ጓደኞቼን ገጠር አስገቡ የምለው እኔ ነኝ። ትንሿ ልጅ የትልልቆቹን ሒሳብ ጆሮዋን ጥላ ትሰማለች። ትልቁ ልጅ የትንሿን ጫማ ያስራል። ፌብሩዋሪ 1 የቅድስት ብሪጂትን መስቀል ከቄጠማ ይጎነጉናሉ። ማርች ላይ በቅዱስ ፓትሪክ ሰልፍ ይወጣሉ። ጁን ላይ የስፖርት ቀን አለ፤ ወላጅም ይሮጣል። ሃርሊንግ የሚሉት ጨዋታ ቁርጥ የእኛን የገና ጨዋታ ይመስላል፤ ዱላ አለ፣ ትንሽ ኳስ አለ፣ ጩኸት አለ። ኳሱ ግን በአየር ስለሚበር ያለ ሄልሜት ሜዳ መግባት ክልክል ነው። ልጄ ሜዳ ውስጥ ስትሮጥ መንደሩ በሙሉ በስሟ ይጠራታል። ይህን የትም አላገኝም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛ ክፍል እንምጣ።

እዚህ አገር ከአሥር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ናቸው። የአስተማሪውን ደመወዝ የሚከፍለው ግን መንግሥት ነው። ከ2018ቱ ሕግ ወዲህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የጥምቀት ወረቀት የሌለውን ልጅ ከወረፋው ወደ ኋላ መግፋት አይችልም። በዚህ በኩል ችግር አልገጠመንም። ልጄም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሃይማኖት ከሁሉም ጋር ተማረች። አባታችን ሆይ ይላሉ፣ የእመቤታችንን ሰላምታ ይደግማሉ፣ የገና ድራማ ይሠራሉ። ምን ይከፋኛል? ደስ ነው ያለኝ።

ሁለተኛ ክፍል ላይ ግን የካቶሊክ ልጆች የመጀመሪያ ቁርባናቸውን ይቀበላሉ። ሥነ ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ዝግጅቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ ያውም በትምህርት ሰዓት። መጀመሪያ ንስሐ አለ። ከዚያ መዝሙር ጥናት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ልምምድ። በደንቡ ሃይማኖት በቀን ግማሽ ሰዓት ነበር። ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ግማሽ ሰዓቱ ማን ያቆመዋል!

ሴፕቴምበር ላይ ቅጽ ተላከልን። የልጅ ስም፣ የተጠመቀችበት ቀን፣ የተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን። እኔ ዳይሬክተሯ ጋ ሄጄ አስረዳሁ። ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች። ያን ዕለት ሜሮን ተቀብታለች፣ ሥጋ ወደሙም ተቀብላለች። የእኛ ሥርዓት እንዲህ ነው። ስለዚህ "የመጀመሪያ" የሚባል ቁርባን የላትም። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አትቆርብም። በጣም በትሕትና ነው የተናገርኩት። ሌላውን የሃይማኖት ትምህርት ግን እንድትቀጥል እፈልጋለሁ አልኩ።

የተመለሰልኝ መልስ፣ "ከሃይማኖት ትምህርት እንድትወጣ ከፈለግሽ በጽሑፍ አመልክቺ" የሚል ነበር።

እንድትወጣ አልፈለግኩም እኮ! ብል ብሠራ አልገባቸውም። ለእነሱ ልጅ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ የሚቆርብና ሃይማኖት የሌለው። የቅበላ ፖሊሲያቸውን አውጥቼ አነበብኩ። ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አስገብተዋል፤ ወላጅ ለዳይሬክተሯ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ከዚያ ስብሰባ ይጠራል። ጻፍኩ። ስብሰባ የሚባል አልተጠራም። በሳምንቱ ልጄ ከጓደኞቿ ተነሥታ የኋላው ጠረጴዛ ላይ ሥዕል እንድትቀባ ተሰጣት።

ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 44 ላይ የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ የሃይማኖት ትምህርት ያለመከታተል መብት እንዳለው ይናገራል። ጥሩ ነው። ግን ባለመከታተሉ ጊዜ ልጁ የት ይቀመጥ? ሁለት ክፍል ባለው ትምህርት ቤት መልሱ የኋላ ጠረጴዛ ነው። እነዚያ አምስቱ የክፍሏ ልጆች ሲዘምሩ እሷ ጀርባ ሰጥታ ቀለም ትቀባለች። መዝሙሩን እኮ በጆሮዋ ሁሉንም ታውቀዋለች። ቤት መጥታ ትዘምረዋለች። የልጆቹ ፎቶ በወረቀት ኅብስት ላይ ተለጥፎ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የእሷ የለም። አንድ ቀን "እማዬ፣ እኛ ሃይማኖት የለንም አሉ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። ጾም ላይ ነበርን። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ንዴቱ ግን እስካሁን አለ።

ዳይሬክተሯን ደጋግሜ አነጋገርኳት። አንዴ "ሌሎች ወላጆች ቅር ብሏቸው አያውቅም" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ጉዳዩን ትምህርት ቤቱን ለሚያስተዳድረው ቦርድ አቀርበዋለሁ አለች። ቦርዱ መቼ እንደሚሰበሰብ ስጠይቅ መልስ የለም። ደብሊን ያሉ ወዳጆቼ ደግሞ ሌላ ነው የሚሉት። "ምን አለበት፣ ነጩን ቀሚስ አልብሰሻት አንድ ቀን ብትቆርብ! ልጅ ናት" አሉኝ። ዘመድ ፖስታ ይሰጣል፣ ድግስ አለ፣ ልጅቷም ደስ ይላታል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ለቀሚስ ተብሎ የሚቀየር ነገር አይደለም። ልጅ ደግሞ እናቷ በቀላሉ የምትለቀውን ነገር ታውቃለች።

መፍትሔው የመጣው ማመልከቻ ከጻፍኩበት ቢሮ አይደለም። የቦርዱ ሰብሳቢ የአጥቢያው ቄስ መሆናቸውን የሰማሁት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት እንዲህ ነው። ከቅዳሜ ቅዳሴያቸው በኋላ ጠብቄ አነጋገርኳቸው። ተናግሬ ሳልጨርስ ገባቸው። ፋዘር እኛና እነሱ ስለተለያየንበት የኬልቄዶን ጉባኤ ያውቃሉ፣ ስለ ግብፆችና ስለ እኛ ያውቃሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእኛን ጥምቀትና ሜሮን ትቀበላለች፤ ሜሮን ደግሞ አይደገምም። "ይህች ልጅ እኮ ከሁሉም ቀድማ ቆርባለች" አሉኝ። ወራት ሙሉ ላስረዳ የታገልኩትን እሳቸው ቆመው እያወራን ጨረሱት።

በቀጣዩ ሰኞ ልጄ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክና መዝሙሩን ከሁሉም ጋር፣ የቁርባኑን ልምምድ ብቻ ያለ እሷ። ሜይ ላይ ጓደኞቿ ሲቆርቡ እሷ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከዘማሪዎቹ ጋር ቆመች። ኮራሁባት። ግን ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፋሲካ አልፎ ነበር። ከኦክቶበር እስከዚያ የኋላ ጠረጴዛ ላይ ያሳለፈችውን ጊዜ ማን ይመልስላታል? ከዳይሬክተሯ ይቅርታ ቀርቶ ለደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ ምክሬ ከፖሊሲያቸው ይለያል። የማስወጫ ደብዳቤ መጀመሪያ አትጻፉ። አንዴ ከጻፋችሁ ልጃችሁ "የወጣች" ናት፤ ከዚያ ማስመለስ መከራ ነው። በመጀመሪያ ቄሱን አግኙ። ከቤተ ክርስቲያናችሁም ልጃችሁ መጠመቋን፣ ሜሮን መቀባቷንና መቁረቧን የሚገልጽ ማኅተም ያለው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አውጡ። ለክፍል አስተማሪዋም አንድ ቅጂ ስጡ፤ ቀኑን ሙሉ ከልጃችሁ ጋር የምትውለው እሷ ናት። ይህን ሁሉ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ ትምህርት ቤቱ ለዓመቱ ሳይዘጋ ጨርሱ።

ደግሞ አትፍሩ። ትንሽ ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት ስንት አስተማሪ እንደሚኖረው የሚወሰነው ሴፕቴምበር 30 ላይ በተመዘገበው ልጅ ቁጥር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ቤት ልጆች ብዙ ናቸው። እኛ እንደምናስፈልጋቸው ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ባውቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገር ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ኮንፈርሜሽን የሚሉት አለ፤ እሱም ለእኛ ሜሮን ነው። ለዚያም የሚሆነው ደብዳቤ ከአሁኑ በትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ታናሽ ወንድሟ በሚመጣው ሴፕቴምበር ሁለተኛ ክፍል ይገባል። ፋዘርን አነጋግሬያቸዋለሁ። ለአስተማሪዋም የሱን የ40 ቀን የክርስትና ወረቀት በእጄ ሰጥቻታለሁ። ዳይሬክተሯ ዘንድ ደብዳቤ አላስገባሁም፤ አላስገባምም።