ስማቸው ሳይወርድ ገቢያቸው ወረደ፦ የደሴውን የሴቶች ቡድን የዘፈን መብት እንዴት እንዳስመለስኩ

ደሴ ውስጥ የእነዚህን አምስት ሴቶች ስም የማያውቅ የለም። ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ሰርግ ቤት ገብቶ ዘፈናቸውን ሳይሰማ የወጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ሆኖም ከእነዚያ ዘፈኖች የሚገባላቸው ገንዘብ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንኳን የማይሸፍንበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ሥራ አስኪያጃቸው ሆኜ ገቢውን መልሼ አቁሜዋለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። የትኛው ወረቀት እንደሚቀድም፣ በየትኛው መስኮት ምን ተብሎ እንደሚመለስ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም። ሌላ ቡድን በዚያው መንገድ እንዳይንገላታ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰው «አረጁ፣ ጊዜያቸው አለፈ» ይላል። እኔ አልቀበለውም። ሰሚው አልቀነሰም፤ የቀነሰው ከፋዩ ነው። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቱ አንድ ጊዜ ቁርጥ ዋጋ ከፍሎ አልበሙን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ቢሸጥ መቶ ሺህ ለዘፋኟ ያው ነው። ሲዲው መጣ፣ ቀጥሎ ፒያሳ ላይ በፍላሽና በሚሞሪ መጫን መጣ፣ ቁርጥ ዋጋ የሚከፍለው ሙዚቃ ቤትም ጠፋ። በሰርጉ በኩል ሙሉ ባንድ ቀርቶ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ዲጄ በቃ። በላዩ የ2014ቱ ጦርነት፣ ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የምሽት ዝግጅቱን አቀዘቀዙት።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ስፓይስ ገርልስ ሁለቱን የመጀመሪያ አልበሞች እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ አድርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጌሪ ሃሊዌል ወጣች፤ በ2000 የወጣው ሦስተኛው አልበም ከሁለተኛነት አላለፈም፣ ቡድኑም ተበተነ። ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን የሌላው የእንግሊዝ የሴቶች ቡድን፣ የሹገቤብስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ቡድን ሦስቱ መሥራቾች በ2001፣ በ2005 እና በ2009 አንድ በአንድ ወጡ፤ ስሙ ግን አብሯቸው አልወጣም፣ በተተኩት ልጆች ላይ ቀረ። በ2005 እና በ2007 የወጡት አልበሞች አንደኛ ነበሩ፤ በ2010 የወጣው ግን 14ኛ ላይ ቆመ። መሥራቾቹ በ2012 በየራሳቸው ስም ተጠርተው አብረው መሥራት ጀመሩ፤ የቡድኑን ስም መልሰው ያገኙት በ2019 ነው። አገራችን ደግሞ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረውና በአምስት ሴቶች ዘፈንና የሬዲዮ ድራማ የታወቀው «የኛ» አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በታኅሣሥ 2009 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም፣ ሥራው በሌላ መልክ ቢቀጥልም አንድ ትልቅ ምሰሶ አጥቷል። ስለዚህ ቡድን ስትይዙ ድምፁን ከመጠየቃችሁ በፊት ስሙ የማን ነው፣ የወጣችዋ ድርሻ ምን ይሆናል፣ ስንት ከፋይ አለው ብላችሁ ጠይቁ።

ቀላል የሆኑትን ሥራዎች ቶሎ ልበላቸው። ዋናው ማስተር (የመጀመሪያው የስቱዲዮ ቅጂ) ከጠፋ ካሴቱን መገልበጥ ነው፤ የማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል አጽዱ፣ የሄዱን አቀማመጥ ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ በትንሿ ብሎን አስተካክሉ፣ በ24 ቢት 48 ኪሎኸርዝ በዌቭ ፋይል አስቀምጡ። ኤምፒስሪ ማስተር አይሆንም። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ ያዙ፦ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ እነማን ዘፈኑ፣ የት ተቀረጸ፣ ከማን ጋር ምን ውል አለ። ወሎ ውስጥ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምባሰልና ባቲ ቅኝት ናቸው፤ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። የሕዝብ ዜማ ከሆነ «የሕዝብ» ብላችሁ ጻፉ፤ የእናንተ የሆነው የቀረጻችሁት ድምፅና ቅንብሩ ነው። ይህን ያልለየ ቡድን በኋላ ከሌሎች ጋር በከንቱ ይጋጫል።

ድርሻ የተከፋፈልነው እንዲህ ነው፦ ከተጣራው ገቢ 15 በመቶ ለግጥም፣ 15 ለዜማ፣ 10 ለቅንብር፣ 10 ለሥራ ማስኬጃ፣ የቀረው 50 ለአምስቱ ድምፃውያን እኩል። መሪ ድምፅ ይዛ የዘፈነችም፣ ተቀባይ የነበረችም እኩል። ብዙዎች ለመሪዋ ይብለጥ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም፤ የሴት ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

የድሮውን ውል አውጥታችሁ ቃል በቃል አንብቡ። የእኛ ውል «ካሴትና ሲዲ» ብቻ ይል ነበር፤ ኢንተርኔት የሚል ቃል የለበትም። ጠበቃ ይህንኑ ጠቅሶ ለሙዚቃ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ እነሱም አልተከራከሩም። ዘፈኖቹን በኢንተርኔት የሚያሰራጭ አከፋፋይም ተገኘ። አከፋፋዩ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የአምስቱም ፊርማ።

አራቱ ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው። አምስተኛዋ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ነው፤ ከወሎ የሚወጣ ማንኛውም የሴት ቡድን ይህ ሳይገጥመው የሚቀር አይመስለኝም።

መደበኛው መንገድ አጭር ነው። ባለመብቷ ባለችበት አገር ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላችን ቀርባ ውክልና ትፈርማለች፤ ዋናው ወረቀት ይላካል፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተሙን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ሰነድ አረጋጋጭ ቢሮ ይመዘገባል። ወረቀት ላይ አራት እርምጃ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል የውክልናው ቃል ነው። የምንጠይቀውን ሁሉ አስረድተን ሳለ፣ አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቅጽ አሳይቶ «ይኼ ለሁሉም ይሆናል» አለን። ቅጹ «የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» እያለ ስለ ቤትና መኪና ይዘረዝራል። እሷ የእረፍት ቀኗን ለምና፣ ፓስፖርቷን ከአሠሪዋ እጅ አስወጥታ ፈረመች። ወረቀቱ ሲመጣ እዚያው ቢሮ ሌላው መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ አንብቦ «ይህ ስለ ዘፈን አይልም» ብሎ መለሰው። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ነበር ይሆናል ያለን። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለእነሱ አንድ ወረቀት መመለስ ነው፤ ለእሷ ግን አሠሪዋን እንደገና መለመን ነው።

ሁለተኛው ሠራተኛ በሕግ ትክክል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 አጠቃላይ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ሥልጣን ይሰጣል ይላል፤ ቁጥር 2205 ደግሞ እንደ መታረቅ፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት ላሉ ነገሮች ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረባቸው። ስለዚህ ምክሬ ከቢሮዎቹ ምክር ተቃራኒ ነው፦ የተለጠፈውን ቅጽ አትንኩት። የራሳችሁን አስተይባችሁ ላኩላት። የእኛ በመጨረሻ ያለፈው እንዲህ ይላል («የከዋኝነት መብት» ማለት የዘፈነው ሰው በዘፈነው ላይ ያለው መብት ነው)፦

«ከቡድኑ ጋር በዘፈንኳቸው፣ ዝርዝራቸው ከዚህ ውክልና ጋር በተያያዘው ዘፈኖች ላይ ያለኝን የከዋኝነት መብት በሚመለከት፣ በካሴት፣ በሲዲ፣ በኢንተርኔትና በማናቸውም ማሰራጫ ፈቃድ እንዲሰጥ፣ ውል እንዲዋዋል፣ ውል እንዲያፈርስ፣ ድርሻዬን ተቀብሎ በስሜ በተከፈተው ሒሳብ እንዲያስገባ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ።»

የዘፈኖቹ ዝርዝር የተያያዘ ገጽ ከሆነ እሱም ላይ ክብ ማህተም ይመታበት። ማህተሙ ዋናው ገጽ ላይ ብቻ ካረፈ አባሪው አይቆጠርላችሁም። ስርዝ ድልዝ ካለበት ከነጭራሹ አትላኩት። «በስሜ በተከፈተው ሒሳብ» የሚለውን ደግሞ አትተዉ፤ ወኪሉ ወንድሟም ሆነ ባሏ፣ ገንዘቡ በእሱ ስም እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ስም ነው፤ የባሰውም ይሄ ነበር። እዚህ አገር ልጆች በደላላ ሲወጡ ስምና ዕድሜ ተቀይሮ ፓስፖርት እንደሚወጣላቸው የማያውቅ የለም። ዘፋኟ ሦስት ስም አላት፦ በካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው የመድረክ ስም፣ በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው፣ በፓስፖርቷ ላይ ያለው። ውክልናው በፓስፖርቷ ስም ነው የሚፈረመው። የሰነድ ቢሮው «ካሴቱ ላይ ያለችው እሷ መሆኗን ማስረጃ አምጡ» አለ። ቀበሌ ስንሄድ «ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ» ተባለ። አገር ውስጥ የለችም፣ ወኪሏ ይኸው ስንል «ውክልናው መጀመሪያ ይረጋገጥ» አሉ። ውክልናውን ለማረጋገጥ ደግሞ የስሙ ማስረጃ ይፈለጋል። ዶሮዋና እንቁላሉ የተባለው ይኸው ነው። ኃላፊ ዘንድ ስንቀርብ እያንዳንዱ የራሱን መመሪያ አንዲት መስመር ያነባል፤ ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ የሚያነብ አልተገኘም።

መውጫው ፍርድ ቤት ነው፤ ቁልፉም ውክልናው ውስጥ ነው። «እንዲከስ» ከሚለው ቀጥሎ ይህን ጨምሩ፦ «በመታወቂያዬና በካሴት ሽፋኖች ላይ በሌላ ስም የተጠቀስኩት እኔው መሆኔን በፍርድ ቤት እንዲያስወስንልኝ»። ሦስቱንም ስሞች በሙሉ ዘርዝሩ። በዚህ ቃል ወኪሉ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይዘን የቀረብነው የካሴቱን ሽፋን ከነፎቶው፣ የፓስፖርቱን ኮፒ፣ የድሮውን ውልና ምስክሮችን ነው። ምስክር ስትመርጡ ዘመድ ብቻ አትውሰዱ፤ ስቱዲዮ የነበረ ሰው፣ አብሯት ክራር የመታ ሰው ቃሉ ይበልጣል። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ሁሉም መስኮት ተከፈተ። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ግን አቤቱታውን «ስም እንዲቀየርልኝ» ብለው ሊጽፉት ይፈልጋሉ፤ አትፍቀዱ። ጥያቄው የስም ለውጥ አይደለም፤ አንድ ሰው መሆኗ ይታወቅ የሚል ነው፤ ስሟ ከተቀየረ ፓስፖርቷ ችግር ላይ ይወድቃል።

በዚህ መሃል ሌላ መሥሪያ ቤት «ዘፈኖቹ ካልተመዘገቡ መብት የላችሁም» ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍልን እምቢ አለ። ይህ ስህተት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተገለበጠ) ሆኖ ከተቀረጸ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። አዋጁን አትማችሁ ይዛችሁ ግቡ። ምዝገባውን ግን ከቻላችሁ አድርጉት፤ ለክርክር ጊዜ የምስክር ወረቀቱ ሥራ ያቀላል።

ዘፈኖቹ ሲለቀቁ ሌላ ጉድ መጣ። ዩቲዩብ ላይ ሌሎች ቀድመው ጭነዋቸው፣ አንዳንዶቹም በራሳቸው ስም አስመዝግበዋቸው ኖሮ፣ የራሳችን ዘፈን ላይ ክሌይም («ይህ የእኔ ነው» የሚል የባለቤትነት ጥያቄ) ደረሰን። ቀኖቹን በቃላችሁ ያዙ። ክሌይም በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከተቃወማችሁ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዛል፤ ከ5 ቀን ካለፈ ከተቃወማችሁበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው። ባለ ክሌይሙ ለመመለስ 30 ቀን አለው። ውድቅ ካደረገው ይግባኝ ትላላችሁ፤ ያኔ 7 ቀን አለው። ከዚያ ቪዲዮውን ከዩቲዩብ ካስወረደ ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ቅጣት) ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ 3 ስትራይክ የደረሰበት ቻናል ይዘጋል። ስለዚህ ሃያ ዘፈን በአንድ ቀን አትጫኑ። ሁለት ሦስት ጭናችሁ ክሌይሙ ከየት እንደሚመጣ ተመልከቱ፣ ተቃወሙ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ተቃውሞ ላይ ረጅም ታሪክ አይጻፍ፤ የቀረጻ ዓመት፣ የውሉ ገጽ፣ የሽፋኑ ፎቶ ይበቃል።

አንድ ነገር ከደሴ ላለን፦ በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የዩቲዩብ ቀን መቁጠሩን አላቆመም። የቻናሉን የሥራ አስኪያጅነት ፈቃድ አዲስ አበባ ላለ የምታምኑት ሰውም ስጡ። ባለቤትነቱን ግን አትስጡ። ውጭ ላለ ዘመድ ቻናሉን በስሙ አስከፍቶ ገቢውን መለመን የጀመረ ቡድን አውቃለሁ።

ስለ መድረክ ጥቂት። የወረደ ገበያ ላይ ያለ የታወቀ ቡድን ሆጤ ስታዲየምን አይከራይ። ወሎ ባህል አምባን የመሰለ አዳራሽ ሞልቶ መቀመጫ ማጣት ከግማሽ ባዶ ሜዳ ይሻላል፤ ስፖንሰሩ ፎቶውን ነው የሚያየው። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ ካልገባ ልብስ አይታጠብ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም የሐረጎን ዳገት በሌሊት ጭጋግ መውጣት የለም፤ ማደሪያው በውሉ ይግባ።

ስሙን በንግድ ምልክት አስመዝግበናል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። የተመዘገበው በአምስቱ የጋራ ስም ነው፣ በእኔ አይደለም። አንዷ ብትወጣ ከዘፈነቻቸው ዘፈኖች ድርሻዋ ይቀጥላል፣ ስሙን ግን ብቻዋን ይዛ አትወጣም። አዲስ ልጅ ብትገባ ድርሻዋ ከገባችበት ቀን ወዲህ ከሚቀረጹት ነው፤ ይህንንም ማይክ ከመጨበጧ በፊት ትፈርማለች፣ ሦስት ስም ካላት ሦስቱንም ጽፋ።