በኬ ነው በኪው?

እናቴን ስድስት ዓመት ዋሽቻታለሁ። ውሸቱ በገንዘብ ወይም በትዳር አይደለም። በዋይፋይ ፓስወርድ ነው።

በጥር 2006 ከሚኒያፖሊስ ደብረ ማርቆስ ስገባ አንድ ያገለገለ ዴል ላፕቶፕ ይዤ ነበር። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ክዳኑ ላይ የማላውቀው የፈረንጅ ልጅ የለጠፈው ስቲከር ያለበት። በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ቤት አስገባሁ። ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር ቡፌው ላይ አስቀመጥኩ። አብሮት የመጣውን ፓስወርድ ቀየርኩ። ከዚያ እናቴን ቁጭ አድርጌ እንደ ንስሐ አባት መከርኳት።

«ይህን ለማንም እንዳትነግሪ። ወረቀት ላይም እንዳትጽፊው።»

ቃሏን ጠበቀች። ለማንም አልነገረችም። የትም አልተጻፈም። እኔም አልጻፍኩትም።

ላፕቶፑ አንዴ የገባለትን አይረሳም። በተከፈተ ቁጥር ራሱ ይገናኛል። ሌላ ነገር ግን ፓስወርድ ይጠይቃል። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ስማርት ስልኩን የገዛ ዕለት ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ፓስወርዱን ላክልኝ።»

«እሺ፣ ቤት ስገባ እልክልሃለሁ» አልኩት።

እንግዲህ ስድስት ዓመት ቤት አልገባሁም ማለት ነው።

ረሳሁት ብል ምን ነበረበት? ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ ነው የሚታመነው። እኔ የማታ ፈረቃ የምሠራ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነኝ። ከኮምፒውተር ጋር ያለኝ ዝምድና ትኬት የሚሰጠው ማሽን ወረቀት ሲነክስ መንጭቄ ማውጣት ነው። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። ስለዚህ አንዱ ውሸት ሌላውን ደግፎ ቆሟል።

ላፕቶፑ በሦስተኛው ዓመት ባትሪው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ከሶኬት ከተነቀለ ይጠፋል። እናቴ ቡፌው ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል አለበሰችው። እሁድ እሁድ በስካይፕ ስደውል ዳንቴሉን ታነሳለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት እሷንና ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ነው። ማድ ቤቱን አላየሁም። ጌሾው ይኑር ይድረቅ አላውቅም። «ጓሮውን አሳይኝ» ስላት «ይሄ ነገር እኮ ከገመዱ አይለቅም፣ የኔ ጌታ» ትለኛለች።

በ2012 ለጥምቀት ስመጣ ታዲያ ለእሷ ስልክ ገዛሁ። ትልቅ ስክሪን ያለው። እያዞረች ቤቱን ታሳየኛለች ብዬ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሌላው ተሳፋሪ ገደሉን እያየ ያማትባል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ፓስወርድ አስታውሳለሁ። ደጀን ስንደርስ አሥራ ሁለት ግምት ነበረኝ።

ቅዳሜ ጥር 9 ከሰዓት ቤት ገባሁ። ገና እግሬን ሳልታጠብ የእህቴ ልጅ አዲሱን ስልክ ከካርቶኑ አውጥቶ ከፊቴ ቆመ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ቁመቱ በልጦኛል።

«ጋሼ፣ አሁንስ ቤት ገብተሃል።»

አሥራ ሁለቱም ግምቶች ወደቁ። የእናቴ ስም። የልደት ዘመኔ። ልደታ። ጮቄ ብዬ ልሞክር ስል ስልኩ «ኮኔክት» የሚለውን እንኳ አላበራልኝም። ለካ የዚህ ዓይነት የዋይፋይ ፓስወርድ ከስምንት ፊደል ካነሰ ከነጭራሹ ተቀባይነት የለውም። አጫጭሮቹን ሁሉ በዚህ ሰረዝናቸው።

ማታ አጎቴ መጣ። ጠላውን ያዝ አድርጎ ጭንቀታችንን ሲሰማ ቆየና ሳቀ።

«አንተ፣ ያን ጊዜ ‹የከተማዋን የድሮ ስም አድርጌዋለሁ፤ የዛሬ ልጅ አይደርስበትም› እያልክ ስትኩራራ አልነበር?»

መንቆረር!

ለማያውቅ፦ ደብረ ማርቆስ ድሮ መንቆረር ነበረች። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ስም የወሰደችው። አባቴ ሲቆጣ «የመንቆረር ልጅ አይዋሽም» ይል ነበር። ይህን ያስታወስኩት በዚያች ሰዓት መሆኑ አላስደሰተኝም።

ስሙ ተገኘ እንጂ አጻጻፉ አልተገኘም። መንቆረርን በላቲን ፊደል እንዴት ትጽፈዋለህ? «ቆ» በኬ ነው በኪው? «መ» በኢ ነው በኤ? የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ነው ትንሽ? ፓስወርድ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ያያል። እኛ ደግሞ በላቲን ስንጽፍ ሕግ የለንም፤ ሁሉም እንደ ጆሮው ነው። የእኔና የወንድሜ ፓስፖርት ላይ የአባታችን ስም በሁለት ዓይነት ተጽፏል። እዚያ ማዶ የአንድ አባት ልጆች መሆናችንን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጅቶብናል።

የእህቴ ልጅ ደብተር አወጣ። አንዱን ስንሞክር አንዱን ይሰርዛል። ሃያ ሦስት ዓይነት መንቆረር ጻፍን። ከኋላው ዓመት ሳላስገባ አልቀርም ብዬ 2013 ጨመርን፤ 2014 ጨመርን። የመጣሁበት ጊዜ በፈረንጅ እሱ ነው። ምንም።

ይሄኔ ልጁ ትዕግሥቱ አለቀ። ስቴኪኒ ይዞ ወደ ራውተሩ ሄደ። ከጀርባው ያለችውን ቀዳዳ ሊወጋት ነው። «አሥር ሴኮንድ ተጭኜ ብይዛት ወደ ፋብሪካው ፓስወርድ ይመለሳል» አለ። ልክ ነው፣ ይመለሳል። ግን አብሮ ሁሉንም ይደመስሳል። የእኛ ራውተር ውስጥ መስመሩ ሲገባ የተሞላ የተጠቃሚ ስምና ቁጥር አለ። እሱ ከጠፋ ዋይፋዩ ይበራል፣ ኢንተርኔት ግን አይኖርም። ያ የተጻፈበት ወረቀት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እሁድ ከተራ ነው፣ ሰኞ ጥምቀት። እስከ ማክሰኞ ቢሮ የሚከፍት የለም፤ እኔ ደግሞ ረቡዕ ወጪ ነኝ። «ተው!» ብዬ ስጮህ አጎቴ ጠላውን ደፋ።

በራውተሩ በራሱ ገጽ መግባትም ነበር። 192.168.1.1 ብለህ ትጽፍና የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ትሞላለህ። እሱንም ያኔ ቀይሬዋለሁ። ብልጥ ነበርኩ።

እናቴ እስካሁን ዝም ብላ ቡና ትቆላ ነበር። ማንከሽከሻውን ሳታቆም ወደ ቡፌው በአገጯ ጠቆመች።

«ይሄ አሮጌው በየቀኑ ይገባ የለም እንዴ? ሳያውቀው ነው የሚገባው? እሱን አትጠይቁትም?»

ተያየን። ዩኒቨርሲቲና አሜሪካ ተያዩ።

ዳንቴሉን አነሳን። ላፕቶፑ እያቃሰተ ተነሳና ስክሪኑን የሞላ ማስታወቂያ አሳየን፦ ዊንዶውስ 7 ከእንግዲህ ድጋፍ የለውም ይላል። ማይክሮሶፍት ጥር 5 ቀን፣ እኔ ከመድረሴ አራት ቀን በፊት፣ ጡረታ አውጥቶታል። ማስታወቂያውን ዘጋንና ፓስወርዱን ከራሱ ከላፕቶፑ እንዴት እንደምናወጣ በራሱ በላፕቶፑ ኢንተርኔት ፈለግን። ሌላ ኢንተርኔት ያለው ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም።

ቀላል ነበር፤ ስድስት ዓመት የዋሸሁበትን ያህል አይደለም። ከታች በቀኝ ከሰዓቱ አጠገብ ያሉትን የሲግናል መስመሮች ትጫናለህ። የቤትህ ዋይፋይ ስም ይመጣል። እሱ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭነህ «ፕሮፐርቲስ» ትላለህ። አንድ ሳጥን ይከፈታል። ልጁ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ሲጫን መብራት ጠፋ።

ባትሪ የለው። ላፕቶፑ እዚያው ሞተ።

ሻማ በራ። ቡናው ቀረበ፤ ጨዋታ መጣ። ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለሞቱ ሰዎች። ያን ጊዜ የመጣሁበትን ዓመት እናቴ አነሳች። «አጎትህ በሬውን ሸጦ ቆርቆሮ የገዛ ጊዜ። ዘመነ ማርቆስ ነበር» አለች። አጎቴ የለም ዘመነ ሉቃስ ነው አለ። ረጅም ክርክር ተነሳ። እኔ በሻማው ብርሃን ደብተሩ ላይ ሃያ አራተኛውን መንቆረር እየጻፍኩ ነበር፤ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ሦስተኛ ሰው ምስክር ይጠራ ተባለ።

መብራቱ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። እናቴና የእህቴ ልጅ ብቻ ቀርተዋል። ራውተሩ መብራቶቹን እስኪሰበስብ ጠበቅን። «ፕሮፐርቲስ» አልን። «ሴኩሪቲ» ወደሚለው ሄድን። ፓስወርዱ እዚያ ተቀምጧል፤ ግን በነጠብጣብ ተሸፍኗል። ከሥሩ «ሾው ካራክተርስ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት አደረግንባት። ኮምፒውተሩ ፈቃድ ጠየቀ፤ አስተዳዳሪው ካልፈቀደ አያሳይም። ደግነቱ አስተዳዳሪው እኔው ነበርኩ፤ ፈቀድኩ።

ነጠብጣቡ ተገለጠ። መንቆረር። ሁሉም በትንንሽ ፊደል። በኪው። ከኋላው 2006።

«ዘመነ ማርቆስ አላልኩህም?» አለች እናቴ። ፊደሉን አታነብም፣ ቁጥሩን ግን ታነባለች።

አሳፈረኝ። በኪው የጻፍነው መንቆረር ደብተሩ ላይ አለ። ጎኑ ላይ 2013 አለ፣ 2014 አለ። 2006ን አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከርኩም። ቤት ቁጭ ብዬ፣ ዘመን ሲቆጠር እየሰማሁ፣ እጄ የሚጽፈው የመኪና ማቆሚያውን ትኬት ዓመት ነው። ያኔ በ2006 ስመጣ ግን የአገሬን ዘመን ሳላስብ ጽፌዋለሁ።

ምናልባት እንደኔ የቸገረው ካለ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ቢሆንም ያቺ «ሾው ካራክተርስ» የምትል ሳጥን አለች፤ መንገዱ ብቻ ይለያል። በኔትወርክ ቅንብሩ በኩል ገብተህ የዋይፋዩን «ስታተስ» ትከፍታለህ፤ ከዚያ «ዋየርለስ ፕሮፐርቲስ»። በጣም አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ግን እንዲህ አያሳይህም። ቁልፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ብትጭንበት እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሰጥህ ያን የጻፍከውን ቃል አይደለም፤ 64 ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት ረጅም ኮድ ነው። አትጣለው፣ እሱም በፓስወርዱ ቦታ ሊያገለግል ይችላል። ብቻ በስልክ ለእናትህ ለማስጻፍ አትሞክር። ከምንም በላይ ደግሞ ያን አሮጌ ላፕቶፕ አታፎርምተው። ፎርማት ከተደረገ የሚያውቀውንም ይረሳል።

የእናቴ ስልክ ያን ሌሊት ገባ። ሚኒያፖሊስ ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ራሷ ደወለች። ማድ ቤቱን አየሁ፤ አዲስ ምድጃ አለ፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። ወደ ጓሮ ወጣች። ጌሾው ጋ ስትደርስ ምስሉ ይቆማል፤ ዋይፋዩ እስከዚያ አይደርስም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትመለስ እንደገና ትመጣለች። «ታየህ? ታየህ?» ትላለች። የታየኝ ግማሽ ጌሾና ጆሮዋ ነው። ታየኝ አልኳት።

ከወር በኋላ የእህቴ ልጅ ደወለ። ኢንተርኔቱ እየተንቀራፈፈ ነው አለ።

«አጥሩ ሥር ሰው አለ?» አልኩት።

ወጥቶ አየ። ዘጠኝ ልጆች፣ ዘጠኝ ስልክ።

እናቴን አቀረበልኝ። ተቆጣሁ። ለማንም እንዳትነግሪ አላልኩሽም?

«እኔ ፓስወርድ አልነገርኩም» አለች። «ልጆቹ መጥተው የከተማችን የድሮ ስም ማን ነበር ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የልጅ ነገር፣ የአገራቸውን ታሪክ ቢያውቁ ደግ ነው ብዬ። ቀጥለው ደግሞ ልጅሽ ላፕቶፑን ያመጣው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«እሱንም ነገርኳቸው። በኬ ነው በኪው ሲሉኝ ግን አላውቅም ብዬ መለስኳቸው።»