የእድራችን ደብተርና የካውንቲው ታሪክ

ካውንቲ ለእኛ ሰው ምንድን ነው? የቤት ግብር የሚጠይቅ፣ በረዶ ሲጥል ትምህርት ቤት የሚዘጋ፣ የፍጥነት ካሜራ የሚተክል መሥሪያ ቤት። ታሪክ አለው ብሎ የሚያስበው ስንቱ ነው? በተለይ እኛ የጎንደር ልጆች በዚህ ነገር ትንሽ ንቀት አለብን። በ1600ዎቹ በተሠራ ግንብ ሥር ኳስ ሲያንከባልል ያደገ ሰው፣ በ1776 የተቋቋመ አውራጃ "ታሪካዊ" ሲባል ፈገግ ይላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የምንኖርበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስሙን ያገኘው ኩቤክ ላይ ሲዋጋ ከሞተ ጄኔራል ነው። ሰውዬው እዚህ እግሩ ረግጦ አያውቅም ይባላል።

ቢሆንም ከ2012 ጀምሮ ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር እህትማማች ናቸው። በወረቀት ተፈራርመዋል። እህት ደግሞ አትናቅም።

ይህን ሁሉ የማወራው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። እድሩ ደብተሮች አሉት። ማን አባል ሆነ፣ ማን መዋጮ አጎደለ፣ ማን ስብሰባ ቀርቶ ተቀጣ፣ ማን ሞተ፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ተላከ ወይስ እዚሁ ተቀበረ፣ ለአዳራሹ ኪራይ ስንት ወጣ። ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ደብተሮቹን የሚያኖራቸው መኪናው ትራንክ ውስጥ፣ ከመለዋወጫ ጎማው ጎን ነበር። እኔ ወደ ቁም ሣጥን አሳድጌያቸዋለሁ። ከክረምት ጫማዎች በላይ ናቸው። የውሃ ቧንቧ የፈነዳ ቀን ግን የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ የእድራችንን ታሪክ አጥቦ ይወስደዋል። እኔም ብሞት ልጆቼ ከአሮጌ ሂሳብ ወረቀት ጋር አንድ ላይ ነው የሚጥሏቸው። አማርኛ መናገር ይችላሉ፤ ማንበብ ግን አይሆንላቸውም።

ስለዚህ የዚህ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የት ነው የሚያኖረው ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ሮክቪል ፍርድ ቤት ያልሄደ አበሻ የለም ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ለትራፊክ ቅጣት። ከዚያ በእግር የሚደረስ ቤል ዶውሰን የሚባል የጡብ ቤት አለ። በ1815 ገደማ የተሠራው አፕተን ቤል ለሚባል የካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። (እኔም ጸሐፊ ነኝ። የጡብ ቤቱ ላይ ግን ገና አልደረስኩም።) ዛሬ ቤቱን የሚያስጎበኘው በ1944 የተመሠረተው የካውንቲው የታሪክ ማኅበር ነው። ሳሎኑ እንደ ማንኛውም የሀብታም ሳሎን ነው፤ ብዙ አላቆመኝም። ያቆመኝ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚያድሩበት ክፍል እዚያው ቤቱ ውስጥ መሆኑ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ በ1852 የተሠራች የአንድ ሐኪም ባለ አንድ ክፍል ቢሮ አለች። ውስጧ በአሮጌ የሕክምና መሣሪያ የተሞላ ነው። ጥርስ የታመመ ሰው ባያያት ይመረጣል።

ልጆች ካሏችሁ ግን ከዚያ በፊት ጌዘርስበርግ ውሰዷቸው። እዚያ ያለው የማኅበረሰብ ሙዚየም የተቀመጠው በ1884 በተሠራ የባቡር ጭነት ማራገፊያ ቤት ውስጥ ነው። በ1918 የተሠራ የእንፋሎት ባቡርም ደጁ ላይ ቆሟል። የከተማው ሰው በባቡር ምክንያት እንዴት ከገበሬነት ወደ ነጋዴነት እንደዞረ እዚያ ይገባችኋል።

የጆሳያ ሄንሰን ሙዚየም ግን ለብቻው ነው። ሄንሰን በ1789 በባርነት የተወለደ የሜሪላንድ ሰው ነው። አይዛክ ራይሊ የሚባል ጌታው እርሻ እዚሁ ካውንቲ ውስጥ፣ ዛሬ ኦልድ ጆርጅታውን ሮድ በምንለው መንገድ ዳር ነበር። ሄንሰን ነፃነቱን በገንዘብ ለመግዛት ሞክሮ ተታለለ። በ1830 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ካናዳ አመለጠ። በኋላ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ "የአጎቴ ቶም ጎጆ" ለሚባለው ዝነኛ የአሜሪካ ልቦለድ መነሻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከራይሊ ቤት ጎን ያለችውን የግንድ ክፍል እያሳየ "ያ ሰው የኖረባት ጎጆ ይቺ ናት" ሲል ኖረ። ካውንቲውም በ2006 ቤቱን በ1 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ባለሙያ መጥቶ የግንዶቹን የዕድሜ ቀለበት ሲቆጥር፣ ክፍሏ የተሠራችው በ1850 ገደማ ነው። ሄንሰን ካመለጠ ከ20 ዓመት በኋላ!

እኔ ብሆን ዝም እላለሁ። ሚሊዮን ዶላር አውጥተህ፣ ጎብኚው ጎጆዋን ሊያይ እየመጣ፣ ጎጆዋ አይደለችም ማለት ቀላል አይደለም። እነሱ ግን ተናገሩ። አፈሩን መቆፈር ቀጠሉ፣ በ2021 ሙዚየሙን ከፈቱ፤ ሄንሰን በባርነት የሠራበት መሬት ይኼ ነው፣ ክፍሏ ግን ከእሱ በኋላ የተሠራች ናት ብለው። ይሄን ወድጄላቸዋለሁ። እኛ ዘንድ "አባቶች እንደነገሩን" ከተባለ በኋላ ግንድ የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። ሳንዲ ስፕሪንግ የሚባለው የካውንቲው ክፍል የኩዌከሮች ሰፈር ነበር። ኩዌከር ማለት ጦርነትንም ባርነትንም የማይቀበል የክርስቲያን ወገን ነው። እነዚህ ሰዎች ከ1863 ጀምሮ የሰፈራቸውን የዓመት ውሎ አስጻፉ። ጸሐፊ መረጡ። ጸሐፊው ዓመቱን ሙሉ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ቤት እንደሠራ፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበረ ይመዘግባል። ከዚያ በስብሰባ ላይ ቆሞ ያነብላቸዋል። ጦርነት ላይ ያለ አገር ውስጥ ሆነው የሰፈራቸውን ሠርግና ልቅሶ ቁጭ ብለው ጻፉ። ዛሬ የዚያን ዘመን የገጠር ኑሮ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ያንን ያነባል። እኔ ይህን ሳውቅ የእድር ጸሐፊነቴን ትንሽ አከበርኩት፤ ዓመታዊ ሪፖርት ሳነብ የሚያንቀላፉትን አባላት ግን አላስነቃልኝም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ካቢን ጆን አካባቢ በቤልትዌይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ የምትነዱ ሁሉ በአንድ የእድር መቃብር አጠገብ እያለፋችሁ ነው። የአበሻ እድር አይደለም። ከባርነት የወጡ ጥቁሮችና ልጆቻቸው በ1880ዎቹ ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ሞርኒንግስታር ታበርናክል ቁጥር 88 ይባላል። የሙሴ ማኅበር የሚባለው ትልቅ የመረዳጃ ድርጅት አንዱ ቅርንጫፍ ነበር። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ይረዳሉ። የሞተ ይቀብራሉ። የራሳቸው አዳራሽ ነበራቸው፤ መቃብሩም እዚያው ጎኑ ነው። እስቲ ከእኛ በምን ተለዩ? ንፍሮው ብቻ ነው የቀረባቸው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤልትዌይ ሲሠራ መንገዱ መጥቶ ሰፈሩን ለሁለት ቆረጠው። ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ በኩል፣ አዳራሹና መቃብሩ በሌላ በኩል ቀሩ። ከአዳራሹ ዛሬ ያለው መሠረቱ ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ይስፋ ሲባል የሟቾቹ ተወላጆችና የአካባቢው ሰዎች ተነሡ። መሬቱ በራዳር ሲፈተሽ ምልክት የሌላቸው መቃብር የሚመስሉ ብዙ ቦታዎች ታዩ። እቅዱም መቃብሩን እንዳይነካ ተብሎ ተስተካከለ።

የቤተስዳው ደግሞ የባሰ ነው። የዚሁ የሙሴ ማኅበር ሌላ ቅርንጫፍ በሪቨር ሮድ አጠገብ የመቃብር ቦታ ነበረው። ሰፈሩ በሙሉ የጥቁሮች ነበር። ቀስ በቀስ ሰዎቹ ከአካባቢው ተገፍተው ወጡ፣ በ1960ዎቹ ፎቅ አፓርትመንት ተሠራ፣ መቃብሩ ላይ አስፋልት ፈሰሰ። ፓርኪንግ ሆነ። የዚህ ቦታ ክርክር እስከ ሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እኔ እዚያ አካባቢ ስንት ጊዜ ደንበኛ አውርጃለሁ! ታክሲ ስነዳ ማለቴ ነው።

እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ተወላጆች በእጃቸው ምን አላቸው? የመሬት ውል፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የአዛውንት ትዝታ። እዚህ ጋ ሰው ተቀብሯል የሚል ወረቀት። የማኅበሩ ጸሐፊ በእጁ የጻፈው ደብተር በየቤቱ ሳይጠፋ ተቀምጦ ቢሆን፣ ማን የት እንደተቀበረ በስም ይታወቅ ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይሄ ነው። እኛም እዚህ አገር ሰው ቀብረናል። የት እንደቀበርን የሚያውቀው ቁም ሣጥኔ ነው።

ታዲያ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቀረብኩ። ደብተሮቹን ለካውንቲው የታሪክ ማኅበር እንስጥ፣ ካልሆነም ኮፒያቸውን።

ጭቅጭቁ እስከ ምሽት ቀጠለ። አንዱ "ፈረንጅ የእኛን ደብተር ምን ይሠራለታል? አማርኛ አያነብ" አለ። ሰብሳቢያችን "እኛ ገና በሕይወት እያለን ሙዚየም ልታስገባን ነው?" ብለው አሳቁ። እነዚህ ቀላል ናቸው። ያልቀለለኝ የአንዲት እናት ቃል ነው። "ልጄ በምን እንደሞተ ደብተሩ ላይ ተጽፏል። ያንን ማንም አያነብብኝም" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልክ ናቸው። የቅጣቱ፣ የብድሩ፣ የሕመሙ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በእምነት የተነገረ ነው እንጂ ለታሪክ ተመራማሪ ተብሎ የተጻፈ አይደለም።

በኋላ አንድ የታሪክ ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ስጠይቅ ነገሩ እንዳሰብኩት ጥብቅ አይደለም። ሰጪው የስጦታ ውል ይፈርማል። ውሉ ላይ "ይሄኛው ክፍል እስከዚህ ዓመት አይከፈት" ማለት ይቻላል። ዋናውን ይዞ ስካን የተደረገውን ብቻ መስጠትም አለ። ሁሉንም ነገር አይቀበሉም፤ ቦታ ውድ ነው። የአያታችሁን መሶብ ይዛችሁ ብትሄዱ ከማን እጅ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየት መጣ ይሏችኋል። መልስ የሌለው መሶብ ለእነሱ ስፌት ብቻ ነው። መልስ ያለው ግን፣ ለምሳሌ "በ1991 በአንዲት ሻንጣ፣ ከበርበሬ ጋር" የሚባለው፣ የካውንቲው ታሪክ ነው።

ስለዚህ አሁን የያዝኩት አቋም እንዲህ ነው። መተዳደሪያ ደንቡና ቃለ ጉባኤው በቅድሚያ ይሰጥ። የሞትና የሕመም ገጾች ስካን ተደርገው ለ50 ዓመት ይታሸጉ። የቀብር ቦታ ዝርዝሩ ግን ለብቻው ተገልብጦ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፍ፤ ያ ክፍት ይሁን። እኚያን እናት ለብቻቸው ቤታቸው ሄጄ ላናግራቸው ነው። የእሳቸው ገጽ እንዲወጣ ከፈለጉ ይወጣል፤ በዚህ ላይ ድምፅ አልሰጥበትም።

እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ግን ዝም ብለን አንቀመጥም። እናንተም ቤት የተቀመጠ ብዙ ነገር አለ። የተዘጋ ምግብ ቤት ሜኑ። የድሮ የሎው ፔጅስ፣ ማን የት ሱቅ እንደነበረው ከዚያ የተሻለ የሚነግር የለም። የታክሲ መታወቂያ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ገና በኪራይ አዳራሽ ሳለ የተነሣ ፎቶ። ላሚኔት አታድርጉት፤ አንዴ ከተለበጠ አይላቀቅም። ስኮች አትለጥፉበት፣ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። የሱቅ ደረሰኝ ከሆነ ቶሎ ፎቶ አንሡት፣ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል።

የእድሩን ፎቶዎች የፊታችን ቅዳሜ ከቡና በኋላ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስም እንጽፍባቸዋለን። ከድሮዎቹ አባላት የሚመጣ ሁሉ ይምጣ፤ ግማሹን ፊት እኔ አላውቀውም። መነጽር አትርሱ። ከጀርባው የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ነው። እስክሪብቶ ያመጣ ቡናውን ጠጥቶ ይቀመጣል።