የልጄን ዩኒቨርሲቲ በጤፍ ነው የማሰላው

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን 9 ዓመታችን ነው። እኔ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ባለቤቴ መገናኛ አካባቢ ጥበቃ ነው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት።

በ2013 እቁብ ደረሰኝ፤ 40 ሺህ ብር። አምስት ሳንቲም ሳልነካ ባንክ አስገባሁት። ደብተሩን አሳየኋትና "ይሄ የዩኒቨርሲቲሽ ነው" አልኳት። ያኔ በዚያ ብር 8 ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር። እኔ ከጤፍ ሌላ መለኪያ የለኝም፤ የቤቴም የስራዬም ሂሳብ በሱ ነው የሚሄደው።

በ2016 ክረምት ደብተሩን አውጥቼ አሰላሁት። ወለዱ ተጨምሮበት 50 ሺህ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ወፍጮ ቤት ሄጄ የጤፍ ዋጋ ጠየቅኩ። 4 ኩንታል እንኳን አይገዛም። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልሰረቀውም፤ ግን ግማሹ የለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። በዚያው ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የባሰ እንደሚመጣ ገባኝ።

ሰው "የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው" ሲል እሰማለሁ። ነጻ አይደለም። ወጪ መጋራት የሚባለው ከመጣ 20 ዓመት አልፎታል። ተማሪው ይፈርማል፤ የምግቡንና የማደሪያውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ 15 በመቶ ተመርቆ ስራ ሲይዝ ይከፍላል። እሱን ራሷ ትከፍላለች፤ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ በየወሩ ከእጅ የሚወጣው ነው።

ይሄን ያየሁት በእህቴ ልጅ ነው። ጅማ ደረሰውና ከእናቱ ጋር ሾላ ገበያ ወጣን። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ባልዲ፣ የሎከር ቁልፍ፣ ሻንጣ። ማታ በሶውን ፈጭቼ፣ ቆሎውን ቆልቼ ሻንጣው ስር ጠቀጠቅንለት። እህቴ ወጪው እዚያ ላይ ያለቀ መስሏት ነበር። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ልጁ ደወለ። ድምጹ ቀስ ያለ ነበር። "እማ፣ ትንሽ ቴሌብር ብታደርጊልኝ" አላት። ያኔ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተያዘው በጀት 22 ብር ነበር፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት። እኔ አንዱን እንጀራ በ18 ብር ነበር የምሸጠው። በኋላ በጀቱ 100 ብር ገባ፤ እሰየው ነው። ቢሆንም ኮፒው፣ ሳሙናው፣ የስልክ ካርዱ፣ ለበዓል መምጫው ትራንስፖርት ያው ከቤት ነው።

ፈተናውም አለ። በ2015 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 5.4። ልጄ ጎበዝ ናት፤ ግን እናት ሁለቱንም መንገድ ታስባለች። አንድ የግል ኮሌጅ ገብቼ ክፍያ ጠየቅኩ። የአንድ ሴሚስተሩ ብቻ ከ6 ወር የቤት እዳችን ይበልጣል።

ስለዚህ ብሩን ከባንክ አወጣሁት። በከፊሉ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። በቀሪው ጥር ላይ አዲሱ እህል ሲገባ ሰርገኛ ጤፍ ገዛሁ። ጤፍ ደግ እህል ነው፤ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ከእርጥበት ከጠበቁት ቢከርምም አይበላሽም። ክረምት ላይ ዋጋው ሲወጣ ከራሴ ጆንያ ፈጭቼ እጋግራለሁ። ወፍጮ ቤት የምከፍለው የነበረውን ልዩነት ለብቻው ጽፌ አስቀምጣለሁ። የሂሳብ ደብተሬ ላይ "የሷ" የሚል ዓምድ አለ። እቁቡንም አላቆምኩም፤ በሳምንት 500 ብር እጥላለሁ። እጣው ሲወጣልኝ ግን ብሩ ብር ሆኖ አያድርም።

መብራት ሲጠፋ ግን ያመኛል። ባለፈው ሐሙስ አብሲት ጥዬ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ገና 12 እንጀራ እንዳወጣሁ ጠፋ። የመጣው በማግስቱ ነው። ሊጡ ሆምጥጦ ደፋሁት። የዚያን ቀን "የሷ" ዓምድ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ልጄ የሂሳብ ደብተሩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አነበበችው። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "እማ፣ እዚሁ አዲስ አበባ እንዲደርሰኝ ልሙላ? ከቤት እየበላሁ እመላለሳለሁ" አለችኝ። 15 ዓመቷ ነው። የኔን ሂሳብ እሷ ልታሰላልኝ ነው። እጇን ያዝኩና "አንቺ የምትፈልጊውን ሙዪ፤ ጎንደርም ይሁን ሐዋሳ። የጤፉ ነገር የኔ ነው" አልኳት። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አሁን ሌሊት 10 ሰዓት ስነሳ እሷም ትነሳለች። እኔ ምጣዱን አስሼ ሊጡን ሳዞር፣ እሷ በሩ ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ፊዚክስ ትሰራለች። ለመጪው ጥር 2 ኩንታል ለመጨመር አስቤያለሁ። ለአንዱ ቀብድ ከፍያለሁ።