የሲጋር ሳጥን ክዳን ውስጥ ያለው ሥዕል

የድሮ የሲጋር ሳጥን እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ። ዋናው ሥዕል ከውጭ አይደለም። ሻጩ ሳጥኑን ከፍቶ ሲያቆመው ገዢው ፊት ለፊት የሚያየው የክዳኑን ውስጥ ነው፤ ኩባውያን «ቪስታ» ይሉታል። ጠርዙን የሚሸፍነው ጠባብ ወረቀት «ፊሌቴ»፣ ሲጋሩ ላይ የሚተኛው «ቦፌቶን»፣ የሲጋሩ ቀለበት ደግሞ «አኒዮ» ነው።

ቀጥሎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ምርጦቹ የታተሙት በድንጋይ ነው። በኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ የማተሚያው ቀለም የሚይዘው ቅባቱን ብቻ ነው። ለየቀለሙ አንድ ድንጋይ አለ፤ አሥር ቀለም ያለው ሥዕል አሥር ጊዜ ማተሚያ ውስጥ አልፏል። ሥዕሉ ላይ ሴት ካለች ጉንጯን ተመልከቱ። ነጠብጣቦቹ ትልቅና ትንሽ፣ ሰልፍ የማይጠብቁ ከሆኑ የእጅ ሥራ ነው። እንደ ማር እንጀራ እኩል ከተደረደሩ በፎቶ ዘዴ የተሠራ የኋላ ዘመን ህትመት ነው። ቀዩ ከከንፈሩ ካመለጠ በሁለት ህትመት መካከል ወረቀቱ ተንሸራቷል፣ አለዚያም እርጥበት ለጥጦታል።

ሥዕሉ ላይ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ወርቅ አይደለም፤ የመዳብና የዚንክ ብናኝ ነው። ማጣበቂያው ይታተማል፣ ብናኙ ይነሰነሳል፣ ትርፉ ይጠረጋል፤ ከዚያ በቅርጽ ማውጫ ሲጫን ሥዕሉ ላይ ያለው ሜዳሊያ ጎላ ብሎ ይወጣል። ቢጠቁር ወይም አረንጓዴ ቢያወጣ መዳቡ ነው። አትፈትጉት፤ ተነሥቶ ያልቃል።

ዐይኑን በዘጌ ገዳማት ሥዕል ላይ ያሠለጠነ ሰው እዚህ ይሳሳታል። (ትምባሆን ከቅዱስ ሥዕል ጎን ማንሣት ድፍረት ነው፤ ነገሬ ስለ አሣሣሉ ብቻ ነው።) በኛ ሥርዓት ጻድቁ በሁለት ዐይኑ ያያችኋል፣ በጎን በአንድ ዐይን የሚሣለው ክፉው ነው። በሲጋሩ ሜዳሊያ ላይ ግን ጎኑን የሰጠው የተከበረው ነው፤ ልማዱ ከሳንቲም የመጣ ነው። ሕመማቸው ግን አንድ ነው። የዘጌው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ፣ ይሄኛው እንጨት ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ሁለቱንም የሚያላቅቃቸው እርጥበት ነው።

ስለዚህ የባሕር ዳርን ክረምት ፍሩ። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይወዳል፤ ወረቀት በ50 በመቶ አካባቢ ይበቃዋል። ሥዕሉን የፈለገ ሲጋሩን ሌላ ቦታ ያኑር። ሳጥኑ የሚሠራበት ሴድሮ (ከጥድ ወገን አይደለም፣ የማሆጋኒ ዘመድ ነው) እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል፤ ወረቀቱ እኩል ስለማይከተለው ይጨማደዳል ወይም ይሰነጠቃል። ከሐይቁ በኩል ካለው መስኮትና ከውጭ ግድግዳ አርቁት። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ፣ ሲሊካ ጄል፣ ጨምራችሁ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ያለ ሲሊካ ጄል ፌስታል ውስጥ ማሠር ሻጋታ መዝራት ነው።

ሥዕሉን ውሃ ነክሮ ማላቀቅ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልመክርም። የተነሣው ሜዳሊያ ይተኛል፣ ብናኙም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ፍሬም የሚያምረው ክዳኑን ከነእንጨቱ ይስቀለው።