ሁለት ሰከንድ ላልሞላ እሳት

ሰሞኑን ደስ ሊለኝ ሲገባ ድብርት ነው የያዘኝ። ለፈቃድ ፈተና ራሴ የሠራሁት የሞዴል ሮኬት ወጣ፣ ወረደ፣ ማለፌ ተፈረመልኝ። በኃይለኛ ሞተር ሮኬት ማስወንጨፍ የሚያስፈቅደው የደረጃ 1 ካርዴም ደርሷል። ታላቅ እህቴ (የእሷን ነገር ታውቃላችሁ) ደውላ «እንኳን ደስ አለህ! በቃ ጠፈርተኛ ሆንክ?» አለችኝ። ሳቅኩላት። ስልኩን ስዘጋው ግን መልሶ ከፋኝ።

ምናልባት ሥራው ስላለቀ ይሆናል። ኪቱ (የሚገጣጠመው የሮኬት ዕቃ) ሲመጣ ቱቦ፣ ቀለበቶች፣ ክንፎችና ፓራሹት ነው። የቀረው የእናንተ ነው። ሌላ ሰው በሠራው ሮኬት መፈተን አይቻልም። ክንፉ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በኤፖክሲ ሙጫ ትሞላለህ፣ ሮኬቱን ታጋድማለህ፣ ትጠብቃለህ። አንዱ ጥግ ሳይጠነክር ካገላበጥከው ይፈስሳል። ስለዚህ ማታ ማታ ሙጫ ሲደርቅ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ሆኜ ከረምኩ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ከዚያ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። ደግሞ ሚዛኑ አለ። ሞተሩ ከኋላ ሲገባ ክብደቱን ወደ ጅራት ይስበዋል። የስበት ማዕከሉ አየሩ ከሚገፋበት ማዕከል ቢያንስ የቱቦውን ዲያሜትር ያህል ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ካልቀደመ ሮኬቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደፈለገበት ነው የሚዞረው። ይህን ሁሉ ታደርጋለህ፣ ሞተሩ ግን ነዶ የሚያልቀው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ነው።

ይህን ስጽፍ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ወደዚያች ጠዋት ሞተሩ ውስጥ የቦረቦርኳት ቀዳዳ።

የኔ ሞተር ኤች 135 ነው፤ መጨረሻው ላይ 14 የሚል ቁጥር አለው። ኤች የጉልበቱ ደረጃ ነው። 135ቱ አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። 14ቱ መዘግየቱ ነው፣ በሰከንድ። ዋናው ነዳጅ ካለቀ በኋላ ሮኬቱ በራሱ ፍጥነት መውጣቱን ይቀጥላል። ያኔ ውስጡ ቀስ እያለ የሚቃጠል ነገር አለ፤ ጭሱም ሮኬቱ የት እንደደረሰ ያሳይሃል። እሱ ሲያልቅ ትንሽ ባሩድ ይፈነዳል፣ አፍንጫው ከቱቦው ይላቀቃል፣ ፓራሹቱ ይወጣል። ለኔ ሮኬት 14 ሰከንድ ብዙ ነው። በረራውን ያሰላልኝ ኮምፒዩተር 8 አካባቢ አለኝ። ስለዚህ ከዚያ ቀስ እያለ ከሚቃጠለው ነገር የ6 ሰከንዱን ቦርቡረህ ታወጣለህ። በእጅ፣ በትንሽ መሰርሰሪያ። ጊዜን ዱቄት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማራገፍ ማለት ነው።

ፓራሹቱ መከፈት ያለበት ሮኬቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ቆሟል ማለት ይቻላል። ቀድሞ ከተከፈተ ገና እየሮጠ ነው፤ ገመዱ ቱቦውን እንደ ዚፕ ከላይ ወደ ታች ይቀደዋል። ከዘገየም ቁልቁል ፍጥነት ይዟል፣ ያው ነው። ከፍታውን በአየር ግፊት እየለካ ራሱ የሚወስን መሣሪያ አለ፤ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። እኔ ለመጀመሪያው ፈተና ነገር አላበዛም ብዬ በባሩዱ ረጋሁ። አሁንም ቢሆን ትክክል ይመስለኛል። ግን ሰማይ ላይ ስለሚሆነው ነገር ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ወስኖ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ከዚያ ምንም ማድረግ አለመቻል! እንዲህ ያለ ውሳኔ በሕይወቴ ስንቱን ወስኛለሁ? ስንቱስ ገና እየተቃጠለ ነው?

ደግሞ ጀመረኝ።

«ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ተባለ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ አንጋጦ «ወይኔ!» ይላል። እኔም አንጋጥጫለሁ፣ ግን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እቆጥራለሁ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ነጭ ጭስ ትዝ ይለኛል፣ ሌላ የለም። «ፓራሹት!» ብለው ሲጮኹ ነው የተነፈስኩት። በቃ፣ የገዛ ሮኬቴን ሲወጣ ዓይኔ እያየ አላየሁትም።

ፈታኙ ሽማግሌ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ይዤላቸው ስመጣ በጣታቸው የቱቦውን አፍ ዞሩት። ክንፎቹን አንድ በአንድ ነቀነቁ። የሞተሩ ቀፎ ወድቆ እንዳልቀረ አዩ። አሁኑኑ ሌላ ሞተር ቢገባበት መብረር ይችላል ወይ? ይችላል። ፈረሙ። ስለ ከፍታው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ደንቡም አይጠይቅም። ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 በዓለም የመጀመሪያውን የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ሲያስወነጭፍ 12 ሜትር ተኩል ያህል ወጥቶ፣ 2.5 ሰከንድ በርሮ፣ ጎመን ማሳ ውስጥ ተከሰከሰ። በዚህ ደንብ ቢፈተኑ እሳቸው ወድቀው እኔ አልፌ ነበር። ይህን ለእህቴ ልነግራት ይገባል።

ካርዱ የሚፈቅድልኝ ኤች እና አይ ሞተሮችን ነው። ፊደሉ አንድ በጨመረ ቁጥር የጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል፦ ኤች እስከ 320 ኒውተን ሰከንድ፣ አይ እስከ 640፣ ጄ እስከ 1280። ከጄ እስከ ኤል ደረጃ 2 ነው። የኤል ጣሪያ 5120 ነው። ይህን የሚያክል ጉልበት ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ቁም ነገሩ ጤነኛ ሆኖ መመለሱ ከሆነ፣ ትንሹም ይመለሳል።

ለደረጃ 2 የጽሑፍ ፈተና አለ። የጥያቄዎቹ ዝርዝር ከነመልሱ አስቀድሞ ይገኛል። ትናንት ማታ ከፈትኩት። «ዝም ብዬ ልየው እንጂ ልፈተን አይደለም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ታዲያ ለማን ነው ሰበብ የማቀርበው?